ገባችብኝ

ብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ተገልብጧል፤ የኋላ ጎማው ገና ይሽከረከራል። ልጁ ከቦዩ ማዶ፣ አጥር ሥር በጎኑ ተጋድሟል። የራስ ቆቡ ተሰንጥቋል። ያዘለው የመድኃኒት ቦርሳ ግን ማሰሪያው እንኳን አልተፈታም።

እንዲህ ብለው ቃላቸውን የሰጡት መምህሩ ናቸው። መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የቋንቋ አስተማሪ። አምቡላንስ የጠሩትም እሳቸው፣ እስኪመጣ ኮታቸውን አውልቀው አልብሰውት አጠገቡ የተቀመጡትም እሳቸው።

ልጁን ሰፈሩ «ንፋስ» ይለዋል። ከመድኃኒት ቤቱ በብስክሌት እየበረረ ለየቤቱ መድኃኒት ያደርሳል፤ የእኔን የደም ግፊት ኪኒን የሚያመጣልኝም እሱ ነው። ስንት ጊዜ «ተው ልጄ፣ መድኃኒት ልታመጣ መጥተህ በሽታ አትጨምርብኝ» ብዬዋለሁ። ይስቃል። እኔ እንኳን ለሚበር፣ ቆሞ ለሚያወራም እሰጋለሁ።

ያን ቀን ግን ወሬው ሲደርሰኝ ቀድማ ሐሳቤ ላይ የመጣችው የልጅ ልጄ ናት። የዳቦ ቤቱን ነጭ መኪና የምትነዳው እሷ ናት። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሰዓት የምታልፈውም እሷ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ።

ከዚህ በታች ካለው ግማሹ በዓይኔ ያየሁት ነው። ግማሹ ኢንስፔክተሩ ራሱ፣ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሳሎኔ ተቀምጦ የነገረኝ ነው።

*

ኢንስፔክተሩ አንገተ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙ የሚሰፋው ሰው ነው። ቦታው ላይ ሲደርስ በቀጥታ ቦዩ ውስጥ ወረደ። አስፋልቱ ላይ የመኪና ፍሬን ምልክት የለም። የብስክሌቱ መሪ ተጣሟል። ፔዳሉ ላይ ደግሞ አጭር ግራጫ ጸጉር ተጠምጥሟል። በላስቲክ ከቶ ወደ ላቦራቶሪ ላከው።

«መኪና ሰምተዋል መምህር?»

«አንዲት ነጭ መኪና አልፋለች።»

«ከመውደቁ በፊት ነው፣ በኋላ?»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እሱን እንኳ… ቤት ውስጥ ነበርኩ። ድምፅ ሰምቼ ነው የወጣሁት።»

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ግን ነጯ መኪና አልነበረችም። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ በዋዜማው ንፋስና አንድ የጠጠር መኪና ሹፌር መስቀለኛው ላይ ክፉኛ ተሰዳድበው እንደነበር ተናገረ። ሹፌሩ በሰው ፊት «አንድ ቀን እንደ ምንጣፍ ነው የማነጥፍህ» ብሎታል።

ኢንስፔክተሩ ሹፌሩን ያገኘው ጎማ የሚጠገንበት ቤት ደጃፍ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ነው።

«ብለሃል፣ አላልክም?»

«ብያለሁ! ለሁሉም ነው የምለው። ለአማቴም ብያታለሁ።»

«ንፋስ በወደቀበት ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ ባልዲ ላይ። ጠይቀው።»

ጎማ ጠጋኙ ቀና እንኳ አላለም። «እዚሁ ነበር። ሥራ አላሠራ ብሎኝ ሲለፈልፍ አረፈደ። ቢሄድልኝ ደስ ባለኝ፤ ግን አንዱ ጎማው እኔ ጋ ወልቆ፣ ባለ ሦስት እግር መኪና ይዞ ወዴት ይሂድ?»

ያ በር ተዘጋ። ሌላውን የከፈተችው ነርሷ ናት።

*

ንፋስ ሆስፒታል ከገባ በኋላ አንዴ ዓይኑን ገልጦ ነበር።

«ምን አለ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«‹ገባችብኝ› አለ።»

«‹ገባብኝ› አይደለም?»

«ገባ-ች-ብኝ። ጆሮዬ ደህና ነው ጌታዬ። ቀጥሎ ‹ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ጥላኝ ሄደች› አለ። መልሶ ተኛ።»

ገብታበት፣ ቆማ አይታው፣ ጥላው ሄደች። ይህን የሰማ ሁሉ ደሙ ፈላ። የእኔም ፈልቶ ነበር፣ ሴትየዋ የእኔ መሆኗን እስክሰማ። በዚያ መንገድ መኪና የምትነዳ ሴት አንድ ብቻ ናት። ሰፈሩ «ጥሩንባ» ይላታል፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ሳትነፋ ስለማታልፍ። ያስለመድኳት እኔ ነኝ።

ኢንስፔክተሩ ዳቦ ቤቱ ግቢ ሲገባ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያት። የግራ መስታወቷ ረግፏል። የሹፌሩ ወንበር ላይ ግራጫ የበግ ቆዳ ተነጥፏል፤ ጀርባዋን ብርድ እንዳይመታት እኔው ያነጠፍኩላት። ላቦራቶሪው ደግሞ ያን ጠዋት «የሰው ጸጉር አይደለም፣ የእንስሳ ነው» ብሎት ነበር።

«መስታወቱ መቼ ነው የተሰበረው?»

«ንፋስ የወደቀ ዕለት። ወደ ኋላ ስመጣ የግቢው አጥር ነው የሰበረው» አለች የልጅ ልጄ።

«ማን አየ?»

«ዘበኛው።»

ዘበኛው መሬት መሬት እያየ፣ «እኔ ምንም አላየሁም» አለ።

«ጋሼ!» አለችው።

ከጣቢያ ደወለችልኝ። «እምዬ፣ አትደንግጪ» አለችኝ። ‹አትደንግጪ› ተብሎ የማይደነግጥ ሰው ካለ አምጡልኝና ልየው። ሹራቧን በአንድ እጄ፣ ኪኒኔን በሌላው ይዤ ጫማዬን አቀያይሬ ነው የደረስኩት።

*

ኢንስፔክተሩ ወንበር ሰጠኝ። ልጄ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቢያብጥም አታለቅስም።

«እማማ፣ ከልጁ ጋር ይተዋወቃሉ? እሷና እሱ?»

«ኪኒን ያመጣልኛል። በር ትከፍትለታለች። ሌላ ምን መተዋወቅ አለ?»

ኢንስፔክተሩ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መጠየቅ ግዴታዬ ነው። ልጅቷ እርጉዝ ናት?»

በእጄ ከያዝኩት ኪኒን አንዱን ዋጥኩ።

«ምን?» አለች ልጄ። «ከማን?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅሽ። ልጁ ዛሬ ጠዋት ደግሞ በእንቅልፍ ልቡ ‹አትንኳት፣ እርጉዝ ናት› ብሏል። አንድ ሰው ገጭታው ለሄደች ሴት ለምን ይለምናል? ካልወደዳት በቀር?»

«በኪኒን ነው እንዴ የሚረገዘው? ‹ደህና ዋልሽ፣ ደህና ዋልክ› ነው የኔና የሱ ነገር!»

እኔ ሳላውቀው ዓይኔ ሆዷ ላይ አርፏል።

«እምዬ! አንቺ ደግሞ ምን ታያለሽ?»

«ሹራብሽን ልበሺ ልልሽ ነው» አልኳት።

ሐኪም መረመራት። እርግዝና የሚባል ነገር የለም። ኢንስፔክተሩ ራሱን አከከ፤ መልቀቅ ግን አልለቀቃትም። መስታወቱ አለ፣ ጸጉሩ አለ፣ «ገባችብኝ» አለ። በዚያ ላይ ሐኪሞቹ የልጁ ጭንቅላት ውስጥ እብጠት እንዳለና በቶሎ ካልነቃ እንደሚያሰጋው ተናግረዋል።

«ካልነቃስ?» ብዬ ጠየቅሁት ኮሪደሩ ላይ።

«ያኔ ክሱ ይለወጣል እማማ።»

ወደ ምን እንደሚለወጥ አልጠየቅሁትም። ለሁለት ልጆች በአንድ አፍ ጸለይኩ፤ ያ ይንቃ፣ ይቺ ትውጣ።

*

ሊከፋኝ የሚገባውን ያህል አልከፋኝም፣ ምክንያቱም ሰውየው ሥራውን አላቆመም። ከመምህሩ ፊት ለፊት ልብስ እያጠበች የምትተዳደር ሴት አለች። ከነሳሙና እጇ አነጋገራት።

«ጥሩንባን ሰምቻታለሁ» አለች። «ያቺን ልጅ ያልሰማ የሞተ ብቻ ነው። ነፍታ አለፈች። አንድ አንሶላ ጨምቄ ካሰጣሁ በኋላ ነው የብስክሌቱ ቃጭል የመጣው። ቃጭል፣ ቃጭል፣ ከዚያ ጓ!»

«ጥሩንባው ቀድሞ፣ ቃጭሉ በኋላ?»

«አንሶላ ሙሉ በኋላ አልኩህ እኮ።»

«ሲወድቅ አየሽ?»

«አንሶላው ጋርዶኝ! ደርሼ ብቅ ስል መምህሩ አጠገቡ ነበሩ።»

ዘበኛው ደግሞ እቤቴ ድረስ መጣ። በሩ ላይ ቆቡን ሲጠመዝዝ፣ ሲጠመዝዝ ቆየና፣ «እማማ፣ መስታወቱ በአጥሩ ነው የተሰበረው። ‹ና፣ ና› እያልኩ ማስገባት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ተኝቼ ነበር። ጓ ሲል ነው የነቃሁት» አለኝ።

«ለእኔ ምን ይረባኛል? ሂድና ለፖሊሱ ንገረው!»

«ከሥራ ያባርሩኛል።»

«ተኝቶ ከሚጠብቅና ነቅቶ ከሚዋሽ የቱን የሚቀጥሩ ይመስልሃል?» አልኩት። በሩን ልዘጋበት ስል፣ «እሺ፣ እሺ» እያለ ሄደ። ደግሞም ተናገረ። እግዜር ይስጠው፣ አልተባረረምም።

*

በማግስቱ ኢንስፔክተሩ ስለ በግ ቆዳው ሊጠይቀኝ መጣ። አርፍዶ ነው የደረሰው፤ እጁ ጥቁር ቅባት ነክቶታል፣ ግንባሩ በላብ ርሷል።

«ይቅርታ እማማ። ዛሬስ ጠዋት ጠዋት አስለፋችኝ! ስትፈልግ ትነሳለች፣ ስትፈልግ ትተኛለች። ዛሬ ጭራሽ እምቢ አለች። ከጎረቤቴ ጋር ሆነን ገፍተን ነው ያስወጣናት።»

«ምነው ልጄ! ሚስትህን ትገፋለህ እንዴ?»

«ኧረ መኪናዬን ነው!»

ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር። «ታዲያ መኪና ነች አትልም?»

«ማን እንደሆነች እኔ አውቃለሁ፤ ለምን እላለ…»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ። እኔም ሳቄ ቆመ። ተያየን።

«ያም ልጅ ማን እንደሆነች ያውቃል» አለ በቀስታ። «ስለሚያውቅ ስሟን አልጠራም። እኛ ግን ‹ች› የምትል ፊደል ሰምተን ሴት ፍለጋ ወጣን።»

«እኔ ስንቱን ነው በሴት የምጠራው!» አልኩ። «ፀሐይዋን፣ ድስቷን፣ በሯን…»

እሱ ግን እየሰማኝ አልነበረም። ስልኩን አውጥቶ ላቦራቶሪው ጋ ደወለ። «ያ ጸጉር የእንስሳ ነው ብላችሁኛል። የምን እንስሳ?» ሰማ። «‹የሰው ነው ወይስ አይደለም ብቻ ነው የጠየቅከን› ማለት ምን ማለት ነው?» እንደገና ሰማ። «በግ አይደለም? እርግጠኛ ናችሁ? እሺ፣ ምን?»

መልሱን ሰምቶ ስልኩን ዘጋ። ምን እንዳሉት አልነገረኝም።

«እማማ፣ ሹራብዎን ይደርቡ» አለኝ። «ያቺ መኪና ከተነሳችልን አንድ ቦታ እንሄዳለን።»

*

መምህሩ በራቸውን ግማሹን ብቻ ከፈቱ። ጢማቸውን አልተላጩም፤ ኮሌታቸው ግን ተተኩሷል።

«ጎማው እየተሽከረከረ ነበር ብለውኛል መምህር» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አዎን።»

«ድምፅ ሰምቶ ከቤት የተነሳ፣ ጫማ ያጠለቀ፣ ይህን ሁሉ ግቢ አቋርጦ የወጣ ሰው የሚሽከረከር ጎማ ያገኛል?»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። አልጠረጉትም፤ ያዙት ብቻ።

«ሌላም አለኝ። የቋንቋ አስተማሪ ነዎት፤ አንድ የሰዋስው ጥያቄ ልጠይቅዎ። ልጁ ‹ገባችብኝ› ብሏል። የዚህ ዐረፍተ ነገር ባለቤት ማን ነው?»

ማዶ ያለችው አጣቢ እንኳ ማጠብ ያቆመች መሰለኝ።

«ባለቤቷ…» አሉ መምህሩ። «ባለቤቷ እኔ ነኝ።»

በሩን ሙሉ ከፈቱት። ሳሎኑ መሐል፣ መጻሕፍት በተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር፣ ግራጫ ፍየል ቆማለች። ሆዷ ግራና ቀኝ ወጥቷል። ጎኗ ላይ ጸጉሯ ተልጦ ቁስሉ ቅባት ተቀብቷል። ጋዜጣ እያኘከች ቀና ብላ፣ ሳታርገበግብ፣ ትክ ብላ አየችን። ልጁ ያየው ዓይን ይኸው ነበር።

«አጥሩ ላልቶ ወጣች» አሉ መምህሩ። «ተከትያት ሮጥኩ። ልጁ ከላይ እየወረደ ነው፤ ከፊቱ ዘላ ገባች። ሊመታት ይችል ነበር። መሪውን ወደ ቦዩ ጠመዘዘው። ፔዳሉ ብቻ ጎኗን ላጣት። እሷ ቆማ አየችው። እኔ ወደ ግቢ መለስኳትና ወደ እሱ ሮጥኩ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«መንገድ ላይ ሰው የጎዳ ከብት ይወሰዳል ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ናት ከግልገልነቷ ጀምራ በጡጦ ያሳደገቻት። እሷ ሄደች፤ ይቺ ቀረችኝ። ልጁ ነገ ይነቃል፣ ራሱ ይናገራል፣ ነገ ይነቃል እያልኩ…»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ‹እርስዎ› ስላቸው የኖርኩ ሰው ነኝ።

«አንተ ሰውዬ!» አልኩ። «ለፍየል አዝነህ የሰው ልጅ ታሳስራለህ?»

ኢንስፔክተሩ ክንዴን ያዘኝ። መምህሩ ግን አልተከላከሉም።

«አሳስሬያለሁ» አሉ። ገብተው ኮታቸውን ለበሱ፤ የልጁ ደም ኮሌታው ላይ ደርቋል። ሳይጠሯቸው ቀድመውን መኪናው ጋ ደረሱ። መኪናዋ ደግሞ እምቢ አለች። መምህሩና ኢንስፔክተሩ ገፉ፤ እኔ ውስጥ ተቀምጬ «ቀስ! ቀስ!» አልኩ።

*

ጣቢያ ስንደርስ መምህሩ ቃላቸውን ከመስጠታቸው በፊት ልጄን ለማየት ጠየቁ። ፊት ለፊቷ ቆመው ከላይ እስከ ታች ነገሯት፤ አንድም ነገር አላሳመሩም።

እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያ፣ «ጠዋት ጠዋት ስነፋ ከአጥሩ ጀርባ እጅዎን የሚያነሱልኝ ሰውዬ እርስዎ አይደሉም?» አለች።

«ነኝ።»

«በየጠዋቱ ሰላም የሚሉትን ሰው ነው እንግዲህ ያሳሰሩት» አለች። ሹራቧን አንስታ ለበሰች። በሩ ጋ ስንደርስ ዞር ብላ፣ «ፍየሏስ? ተጎዳች?» አለቻቸው።

«ቁስሏ እየዳነ ነው» አሉ መምህሩ።

ንፋስ የነቃው ከዚያ ወዲህ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ብስክሌቱን ጠየቀ። እብጠቱ እየጎደለ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ኢንስፔክተሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እኔም ኮመዲኖውን ተደግፌ ሰማነው።

«ሆዷ እኮ ይሄን ያክላል» አለ ንፋስ፣ በደህና እጁ እያሳየ። «ምን ላድርግ? ቦዩን መረጥኩ።»

«ያኔ ታዲያ ‹ፍየል› ብትል ምን ነበረበት?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አላልኩም እንዴ?»

ነርሷ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ሳቀች።

ልጁ መምህሩን መክሰስ አልፈልግም አለ። ውሸታቸው ግን በዝምታ አልታለፈም፤ ተግሣጹንም ቅጣቱንም ተቀበሉ። ፍየሏን የወሰደባቸው የለም። አጥሩን ያጠበቀው ዘበኛው ነው፤ በዕረፍት ቀኑ፣ ነቅቶ።

*

ልጄ ግን ቤት ከገባች በኋላ የመኪናውን ቁልፍ አልነካችም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ራሱ ይዞት መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት፤ አዲስ መስታወት ማስገባቱንም ነገራት። «እሺ» አለችው፤ እሱ ሲሄድ ከፊቷ ገፋ አደረገችው።

«ሁሉም ነው ያመነው እምዬ» አለችኝ። «‹ሴት ሹፌር› ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ልጁ ባይነቃስ? ፍየሏ ባትገኝስ?»

ይህን እኔም ሌት ከቀን ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት። መሪ ከጨበጠችበት ቀን ጀምሮ የተሳልኩት ስለት ቢቆጠር፣ ሁሉም አንድ ነው፦ ይህን ሥራ ትተወው፣ ቤት ትግባልኝ። ይኸው ትተወዋለች። አንድ ቃል ነው የቀረው። «ተይው» ብላት አበቃ፤ ከነገ ጀምሮ መንገድ መንገዱን እያየሁ መቃጠል የለም።

ፊቷን አየሁት። ጣቢያ ውስጥ እንኳ እንዲህ አልነበረም።

«ዳቦው ይደርቃል» አልኳት።

«ምን?»

«ሰው ጠዋት ዳቦ ይፈልጋል። እዚህ ተቀምጠሽ እኔን ስታዪ ይደርቃል። ሂጂ።»

ቁልፉን አንስቼ እጇ ላይ አደረግሁት። ጉንጬን ስማኝ ወጣች።

መኪናዋ ከታጠፈች በኋላም በሩ ላይ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ገብቼ አልጋዋን አነጠፍኩ። ማታ ትመጣለች።